የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቁርኣንን አዘውትረው እንዲያነቡና እንዲረዱ ማድረግ፦ ለአስተባባሪዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሙስሊም ወጣት ከቤቱ ሲወጣ የቁርኣን ሰዓቱን ይጠብቁለት የነበሩ ሰዎችም ከኋላው ይቀራሉ። ከሱብሒ ሶላት በኋላ ሙስሐፉን እንዲከፍት የሚያስታውሰው ወላጅ፣ ስህተቱን አስቁሞ የሚያርመው ኡስታዝ፣ አብሮት ይቀራ የነበረው ጓደኛ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይርቃሉ፤ በምትካቸው የሌክቸር፣ የላብራቶሪና የአሳይመንት ሩጫ ይመጣል። ተማሪው ቁርኣንን ይወዳል፣ ሲነበብ ሲሰማም ልቡ ይነካል፤ ይሁንና ሳምንታት ያልፋሉ፣ ሙስሐፉም ከሻንጣው አይወጣም። በአል-ፉርቃን ምዕራፍ 30ኛ አንቀጽ ላይ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ሕዝቦቻቸው ቁርኣንን የተተወ ነገር አድርገው መያዛቸውን ለጌታቸው ሲያሰሙ እናነባለን። የተፍሲር (የቁርኣን ማብራሪያ) ሊቃውንትም ይህ መተው አለማንበብን ብቻ ሳይሆን አለማስተንተንንና አለመሥራትንም እንደሚጨምር አስረድተዋል።

በግቢ ውስጥ ይህን ለመለወጥ የሚነሱ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ትልቅ ንግግር በማዘጋጀት፣ ማስታወቂያ በመለጠፍ ወይም ውድድር በማወጅ ነው። እነዚህ ጥቅም የላቸውም ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ተማሪን ከቁርኣን ጋር ለዓመታት አጥብቆ የሚያቆየው በየሳምንቱ ንባቡን ቁጭ ብሎ የሚያዳምጠውና ያነበበውን አብሮት የሚያስተነትን ሰው ማግኘቱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህን አንድ ነገር በግቢ ውስጥ እውን ለማድረግ የተዘረዘሩ ናቸው።

አንደኛ፦ ተማሪዎቹ ያሉበትን ደረጃ ማወቅ

በአንድ ሐለቃ (ቁርኣን በጋራ በሚቀራበት ትንሽ ስብስብ) ውስጥ ፊደል የማይለየውን፣ እየተንገዳገደ የሚያነበውን፣ አቀላጥፎ አንብቦ ትርጉሙን የማያውቀውንና ቁርኣንን በሙሉ ሸምድዶ እየረሳ ያለውን አንድ ላይ ማስቀመጥ ሁሉንም ይጎዳል። ጀማሪው ያፍራል፣ የቀደመው ይሰለቻል። ስለዚህ ምዝገባው እንዳለቀ እያንዳንዱን ተማሪ ለብቻው ማነጋገርና ጥቂት መስመሮች እንዲያነብ ማድረግ ያስፈልጋል።

ንባቡን ለመመዘን አል-ፋቲሓን ወይም የመጨረሻዎቹን አጫጭር ምዕራፎች መስጠት አይጠቅምም፤ አብዛኛው ተማሪ እነዚህን ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ ስለሚያውቃቸው ፊደል ሳይለይም ያነባቸዋል። ከመካከለኛው ክፍል፣ ለምሳሌ ከአል-ሙእሚኑን ወይም ከአን-ነምል ምዕራፍ፣ አምስት መስመር ማስነበብ ትክክለኛውን ደረጃ ያሳያል። ከዚያም ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፦ ለመጨረሻ ጊዜ ከኡስታዝ ፊት የተቀመጠው መቼ ነው? በሳምንት ውስጥ ያለ ጭንቅ የሚያገኘው ሰዓት የትኛው ነው? በጣም የሚፈልገው ንባቡን ማስተካከል ነው፣ መረዳት ነው ወይስ የሸመደደውን ማጽናት?

ይህ ውይይት በሰው ፊት መደረግ የለበትም። የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ሆኖ የዐረብኛ ፊደል አለመለየት ከባድ ሐፍረት ነው፤ ብዙዎች ከሐለቃ የሚሸሹትም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ እረዳለሁ። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው የዓኢሻ (ረ.ዐ) ሐዲስ ለዚህ ተማሪ የተነገረ ያህል ነው፤ ቁርኣንን አሳምሮ የሚያነብ ከተከበሩት ጸሐፊ መላእክት ጋር እንደሚሆን፣ እየተንተባተበና እየከበደው የሚያነብ ደግሞ ሁለት ምንዳ እንዳለው ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ተናግረዋል። ምዝገባውን የሚያካሂደው ሰው ይህን ሐዲስ በቃሉ ይያዘው፣ በተገቢውም ቦታ ይናገረው።

ሁለተኛ፦ አስተማሪና አዳማጭ ማዘጋጀት

ቁርኣን ከሰው አፍ ወደ ሰው ጆሮ እየተላለፈ የመጣ መጽሐፍ ነው። ጂብሪል በየረመዳኑ ከነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ጋር ቁርኣንን ይከልስ እንደነበር፣ በመጨረሻው ዓመትም ሁለት ጊዜ እንደከለሰ በቡኻሪ ተዘግቧል። ስለዚህ ቢያንስ አንድ በሥርዓት የቀራና የሚታመን ኡስታዝ ወይም ኡስታዛ የሥራው መሠረት ነው። ኢጃዛ (ከመምህሩ የተሰጠ የማስተማር ፈቃድ) ያለው ሰው ከተገኘ መልካም፤ ካልተገኘም ራሱ በታወቀ ሸይኽ ፊት ቀርቶ ያጠናቀቀና ተጅዊድን (የቁርኣን አነባበብ ሕግን) በተግባር የሚያውቅ ሰው ይበቃል።

አንድ ኡስታዝ መቶ ተማሪ ሊያዳምጥ አይችልም። መፍትሔው አዳማጮችን ማሰልጠን ነው። በመጀመሪያው ምዘና ንባባቸው ጥሩ ሆኖ የተገኘ ከስድስት እስከ አሥር ተማሪዎች ይመረጣሉ፤ በየሳምንቱ በኡስታዙ ፊት ይቀመጣሉ፤ እነርሱ የተማሩትን ደግሞ በየራሳቸው ትንሽ ሐለቃ ያስተምራሉ። «ከእናንተ በላጩ ቁርኣንን ተምሮ ያስተማረ ነው» የሚለው ከዑስማን (ረ.ዐ) የተላለፈው የቡኻሪ ሐዲስ መማርንና ማስተማርን አንድ ላይ ማስቀመጡ ለዚህ አሠራር ትልቅ ማበረታቻ ነው። አዳማጩ ግን ድንበሩን ማወቅ አለበት፤ ንባብ ያርማል፣ ከተፍሲር መጽሐፍ የተዘጋጀውን ያቀርባል፣ ፈትዋ አይሰጥም።

በአንድ ሐለቃ የሚቀመጡት ከስድስት መብለጥ የለባቸውም። ሒሳቡ ቀላል ነው፤ የአንድ ሰዓት ቆይታ ውስጥ እያንዳንዱ አምስት አምስት ደቂቃ ቢያነብ ሠላሳ ደቂቃ ያልፋል፣ የቀረው ሠላሳ ደቂቃ ለመረዳት ይሆናል። አሥራ ሁለት ሰው ከተቀመጠ ግን ወይ ማንም በቂ አያነብም፣ ወይ መረዳቱ ይቀራል።

ሦስተኛ፦ ቦታና ሰዓት

ለተማሪ ከሁሉ የሚቀለው ሰዓት ከሶላት ጋር የተያያዘ ሰዓት ነው። በመግሪብና በዒሻእ መካከል ያለው ጊዜ ለብዙዎች ምቹ ነው፤ ክፍል አልቋል፣ ጥናት ገና አልጀመረም፣ ሰዎቹም ለሶላት ተሰብስበዋል። ከሱብሒ በኋላ ያለው ጊዜ ይበልጥ የተባረከና ጸጥ ያለ ቢሆንም ሌሊቱን ሲያጠና ላደረ ተማሪ ስለሚከብድ ለፈቃደኞች ብቻ ቢተው ይሻላል። የተመረጠው ቀንና ሰዓት ሰሚስተሩ እስኪያልቅ አይለወጥ፤ በየሳምንቱ «ዛሬ ስንት ሰዓት ነው?» የሚል ጥያቄ የሚነሣበት ሐለቃ ብዙ አይቆይም።

ቦታን በተመለከተ የተቋሙን ደንብ ማክበር ግዴታ ነው። በግቢው ውስጥ የአምልኮ ተግባር የማይፈቀድ ከሆነ በአቅራቢያ ያለ መስጂድ ይመረጣል፤ ክፍል መጠቀም የሚፈቀድ ከሆነም ፈቃዱ በጽሑፍ ተጠይቆ ቢያዝ በኋላ የሚመጣን ጭቅጭቅ ያስቀራል።

እህቶች የራሳቸው ሐለቃ፣ የራሳቸው አዳማጭ፣ ከተቻለም የራሳቸው ኡስታዛ ሊኖራቸው ይገባል። በብዙ ጀመዓዎች ፕሮግራሙ የሚነደፈው በወንዶች ሰዓት ነው፤ እህቶች ከጨለመ በኋላ ወደ መኝታቸው የሚመለሱበት መንገድ የማይታሰብበት ፕሮግራም ግን በተግባር ለግማሹ ተማሪ የተዘጋ ፕሮግራም ነው። በተጨማሪም በወር አበባ ጊዜ ሙስሐፍ መንካትንና ቁርኣን ማንበብን በተመለከተ በፉቀሃእ (በሕግ ሊቃውንት) መካከል የታወቀ ልዩነት ስላለ እያንዳንዷ እህት የምትከተለውን ብይን ከምታምነው ዓሊም ትጠይቅ፤ ሐለቃው ግን በእነዚያ ቀናት በማዳመጥ፣ በትርጉምና በተፍሲር የምትሳተፍበትን ቦታ ይጠብቅላት፣ የመቅረት ምልክትም አይጻፍባት።

አራተኛ፦ የማይሰበር መጠን መወሰን

በስፋት የሚታወቀው የመዲና ሙስሐፍ 604 ገጾች አሉት፤ እያንዳንዱ ገጽ 15 መስመር ሲሆን አንድ ጁዝ (ከቁርኣን ሠላሳ ክፍሎች አንዱ) ወደ 20 ገጽ ይደርሳል። ይህን ወደ ተማሪ ሕይወት እንመልሰው። በሳምንት አምስት ቀን ሁለት ሁለት ገጽ የሚያነብ ተማሪ በ16 ሳምንት ሰሚስተር ውስጥ 160 ገጽ፣ ማለትም 8 ጁዝ ያህል ይጨርሳል። አቀላጥፎ ለሚያነብ ሰው ሁለት ገጽ ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም። ጀማሪው ደግሞ ግማሽ ገጽ ይበቃዋል፤ ያችን ግማሽ ገጽ ደጋግሞ ማንበቡ አዲስ ገጽ ከመግፋት ይሻለዋል።

ወጣት ሲነሣሣ መጠኑን ያበዛል። ዐብደላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ) ቁርኣንን በአጭር ጊዜ ለመጨረስ ሲጓጉ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) በወር አንድ ጊዜ እንዲያኸትሙ (አንብበው እንዲጨርሱ) ነገሯቸው፤ የበለጠ እችላለሁ ሲሉም ቀስ በቀስ እስከ ሰባት ቀን ዝቅ አደረጉላቸው። ይህ ታሪክ በቡኻሪና በሙስሊም የሚገኝ ሲሆን ለአስተባባሪዎች ጠቃሚ ሥርዓት ያሳያል፤ መጠን ከቀላሉ ይጀምራል፣ የሚጨመረውም አንባቢው መቻሉን ሲያሳይ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «በቀን አንድ ጁዝ» ብሎ ቃል የገባ አዲስ ተማሪ ሲመጣ አዳማጩ በለሆሳስ ወደ ሁለት ገጽ ያውርደው፤ ለአንድ ወር ሳይቋረጥ ከቆየ በኋላ ይጨመርለት። ከአላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን የሚገልጸው ሐዲስ የሚነግረን ይህንኑ ነው።

አምስተኛ፦ ንባብን ማረም

በጀማሪዎች ሐለቃ የፊደል መማሪያ ቃዒዳ ይዞ ከፊደል ወደ ቃል፣ ከቃል ወደ አጫጭር ምዕራፎች መሄድ የተለመደውና የተፈተነው መንገድ ነው። አዋቂ ተማሪ ከሕፃን በተለየ ፍጥነት ፊደል ይለያል፤ አንደበቱ ግን በቋንቋው ድምፆች ስለጸና ማረሙ ትዕግሥት ይፈልጋል።

የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ የሚቸገርባቸው ቦታዎች አስቀድመው የሚታወቁ ናቸው። በአማርኛ አነጋገር ሀ፣ ሐ እና ኀ አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ አ እና ዐም እንዲሁ። በቁርኣን ንባብ ግን ሃእ፣ ሓእና ኻእ ሦስት የተለያዩ መውጫዎች አሏቸው፤ ሀምዛና ዐይንም አይገናኙም። በመሆኑም «አንዐምተ» የሚለው «አንአምተ» ሆኖ ይሰማል፣ የ«አር-ረሒም» ሓእም ወደ ሃእ ይለሰልሳል። ጠ፣ ጸ እና ቀ በአማርኛ እየፈነዱ የሚወጡ ድምፆች ሲሆኑ የዐረብኛዎቹ ጧእ፣ ሷድና ቃፍ ግን የምላስ ኋለኛ ክፍል ከፍ ብሎ በወፍራም ድምፅ እንጂ በፍንዳታ አይነበቡም። ሳእና ዛል ደግሞ የምላስ ጫፍ ከፊት ጥርሶች ጋር ተገናኝቶ የሚወጡ ስለሆኑ ተማሪው ሰ እና ዘ እያደረገ ያልፋቸዋል። የመድ (የአናባቢ ማስረዘም) ርዝመትም ይጠፋል፤ ምክንያቱም አማርኛ በአናባቢ ርዝመት ትርጉም አይለይም። በአንጻሩ ሸዳህ (ፊደልን ማጥበቅ) ለአማርኛ ተናጋሪ አይከብድም፤ ማጥበቅና ማላላት በየቀኑ የሚጠቀምበት ነውና።

አዳማጩ እነዚህን ሁሉ በአንድ ቀን ለማረም ከሞከረ ተማሪው አንድ አንቀጽ ሳይጨርስ ተስፋ ይቆርጣል። በአንድ ሳምንት አንድ ድምፅ ይመረጥ፤ ለምሳሌ በዚህ ሳምንት ዐይን ብቻ ይታረም፣ ሌላው ስህተት ትርጉም የሚያበላሽ ካልሆነ ይታለፍ። «ቀልብ»ን «ከልብ» ብሎ ማንበብ ልብን ወደ ውሻ የሚቀይር ስህተት ስለሆነ አይታለፍም፤ የጉንና (በአፍንጫ የሚወጣ ድምፅ) ርዝመት ግን ሊቆይ ይችላል። ቅድሚያ አል-ፋቲሓን ማስተካከል ነው፤ ሶላት ሁሉ በእርሷ ላይ የቆመ ነውና።

በሐለቃዎች መካከል ባሉት ቀናት የተቀረጸ ንባብ ትልቅ እገዛ ያደርጋል። ግብፃዊው ቃሪእ ማሕሙድ ኸሊል አል-ሑሰሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ቁርኣንን በሙሉ በሐፍስ ዘገባ (ከታወቁት የአነባበብ ዘገባዎች በአንዱ) በሙረተል (በተከታታይና በእርጋታ በሚነበብ) ንባብ የቀረጹ ሲሆን ዝግ ያለውና የጠራው አነባበባቸው ለተማሪ ተስማሚ ነው። ተማሪው የሳምንቱን ገጽ መጀመሪያ ያዳምጥ፣ ቀጥሎ ከቃሪው ጋር ያንብብ፣ በመጨረሻም ለብቻው ያንብብና ድምፁን በስልኩ ቀርጾ ያነጻጽር።

ስድስተኛ፦ መረዳትን ከመጀመሪያው ቀን ማስገባት

«መጀመሪያ ንባቡን ይጨርሱ፣ ትርጉሙ በኋላ ይደርሳል» የሚለው ሐሳብ በዩኒቨርሲቲ ደረጃ አይሠራም ባይ ነኝ። እነዚህ ወጣቶች በየቀኑ ጽሑፍ እየተነተኑ፣ ማስረጃ እየጠየቁ የሚውሉ ናቸው፤ ቁርኣን ላይ ሲደርሱ ብቻ እንዳይጠይቁ ማድረግ መጽሐፉን ከሕይወታቸው ማራቅ ነው። በሷድ ምዕራፍ 29ኛ አንቀጽ መጽሐፉ የወረደው አንቀጾቹን እንዲያስተነትኑና የአእምሮ ባለቤቶች እንዲገሠጹበት መሆኑ ተነግሯል። ከታቢዒዮች (ከሶሓቦች ቀጥሎ ከመጣው ትውልድ) አንዱ የሆኑት አቡ ዐብዲረሕማን አስ-ሱለሚ ያስተማሯቸው ሶሓቦች አሥር አንቀጽ ሲማሩ በውስጡ ያለውን ዕውቀትና ሥራ ሳያውቁ ወደ ሌላ አያልፉም እንደነበር አስተላልፈዋል።

ይህን መነሻ በማድረግ በሳምንት አሥር አንቀጽ መያዝ ይቻላል። ጁዝ ዐማ (የቁርኣን የመጨረሻው ጁዝ) 37 ምዕራፎችና 564 አንቀጾች ስላሉት በሰሚስተር 160 አንቀጽ የሚያጠና ሐለቃ በአራት ሰሚስተር ውስጥ ይጨርሰዋል፤ ተማሪው ከመመረቁ በፊት በሶላቱ የሚያነባቸውን ምዕራፎች ሁሉ ትርጉማቸውን አውቆ ይወጣል ማለት ነው።

ለዝግጅት አዳማጩ ሁለት ነገር ይዞ ይቀርባል፤ የሚታመን ትርጉምና አንድ የተፍሲር መጽሐፍ። ለአጭር ዝግጅት የሸይኽ አስ-ሰዕዲ ተፍሲር፣ ሐዲሶችንና የቀደምት አባቶችን ንግግር በስፋት ለማየት የኢብን ከሲር ተፍሲር ይመረጣሉ። ዐረብኛ የማይችል አዳማጭ ዝግጅቱን ከኡስታዙ ይወስዳል።

አንድ ቆይታ እንዴት እንደሚካሄድ በአድ-ዱሓ ምዕራፍ ላይ እንመልከት። አሥራ አንዱ አንቀጽ በየተራ ይነበባል፣ ንባቡም ይታረማል። ከዚያ አንድ ተማሪ ትርጉሙን በሚሰማ ድምፅ ያነባል። አዳማጩ የወረደበትን ምክንያት ይነግራል፤ በቡኻሪና በሙስሊም ከጁንዱብ (ረ.ዐ) እንደተዘገበው ወሕይ ለጥቂት ጊዜ ዘግይቶ ሳለ አንዲት ሴት ለነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ክፉ ቃል ተናገረቻቸው፣ ይህ ምዕራፍም ጌታቸው እንዳልተዋቸውና እንዳልጠላቸው እያረጋገጠ ወረደ። ከዚህ በኋላ አዳማጩ ዝም ይልና ጥያቄ ይሰጣል፦ ከ6 እስከ 8 ያሉት አንቀጾች ሦስት ጸጋዎችን (ለየቲም መጠጊያ መስጠትን፣ ወደ ቅን መንገድ መምራትን፣ ከድህነት ማውጣትን)፣ ከ9 እስከ 11 ያሉት ደግሞ ሦስት ትእዛዞችን (የቲምን አለመበደልን፣ ጠያቂን አለማመናጨቅን፣ የጌታን ጸጋ መናገርን) ይዘዋል፤ የትኛው ትእዛዝ ከየትኛው ጸጋ ጋር ይገናኛል?

ተማሪዎቹ የቲሙን ከየቲሙ ጋር ወዲያው ያገናኛሉ። በሁለቱ ቀሪዎች ላይ ክርክር ይነሣል፣ መነሣቱም መልካም ነው። አንዱ ጠያቂውን አታመናጭቅ የሚለውን ከድህነት ከማውጣቱ ጸጋ ጋር ያያይዛል፣ ሌላዋ ደግሞ ከቅን መንገዱ ጋር ታያይዘዋለች። አዳማጩ በዚህ ጊዜ መጽሐፉን ይከፍታል፤ ሙፈሲሮች (የተፍሲር ሊቃውንት) ጠያቂ የተባለው ገንዘብ የሚለምነውንም ዕውቀት የሚፈልገውንም ሊያካትት እንደሚችል መግለጻቸውን፣ ኢብን ከሲርም በቅን መንገድ የተመራውን ሰው ዕውቀት ፈልጎ የሚመጣውን እንዳይገፋ ከመታዘዙ ጋር ማያያዛቸውን ያነብላቸዋል። በመጨረሻም በዚያ ሳምንት የሚሠራ አንድ ነገር ይመረጣል፤ ለምሳሌ እያንዳንዱ አባል የትምህርት እገዛ የሚጠይቀውን አዲስ ተማሪ ፊት ሳይነሣ ለማስረዳት ይስማማል። በሚቀጥለው ሳምንት ቆይታው የሚጀምረው «እንዴት ነበር?» በሚል ጥያቄ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ለዚህ ሁሉ ይበቃል።

ከዚህ ጋር ጥቂት ቃላትን በየሳምንቱ መያዝ ይጠቅማል። በቁርኣን ከ77 ሺህ በላይ ቃላት ቢኖሩም ብዙዎቹ ተደጋጋሚ ናቸው፤ «ቃለ» እና ከእርሱ ጋር ሥር የሚጋሩት ቃላት ብቻ ከ1,700 ጊዜ በላይ ይመጣሉ። በሳምንት አምስት ተደጋጋሚ ቃል የያዘ ተማሪ ከሁለት ሰሚስተር በኋላ ኢማሙ ሲያነብ እዚህም እዚያም የሚያውቀውን ቃል መስማት ይጀምራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚገፋፋው ሰው ብዙም አያስፈልገውም።

ሰባተኛ፦ ጥያቄንና ትንታኔን በሥርዓት መያዝ

ማስተንተን ማለት እያንዳንዱ ሰው የመሰለውን ትርጉም መስጠት እንዳልሆነ ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ መነገር አለበት። ተማሪው አንቀጹ ስለ ራሱ ሕይወት ምን እንዳስታወሰው መናገር ይችላል፤ «አላህ በዚህ አንቀጽ ያለው ይህ ነው» ለማለት ግን ሙፈሲር መጥቀስ ይኖርበታል። በአል-ኢስራእ ምዕራፍ 36ኛ አንቀጽ ዕውቀት የሌለህን ነገር አትከተል የሚለው ትእዛዝ ለሐለቃው ደንብ ይሁን።

በተለይ በሳይንስ ትምህርት ክፍሎች ውስጥ አንቀጾችን ከአዳዲስ ግኝቶች ጋር የማዛመድ ፍላጎት ይበረታል። ፍጥረትን እንድናይ ቁርኣን ራሱ ስለሚያዝ ፍላጎቱ ከመልካም ልብ የመነጨ ነው፤ ነገር ግን ጥንቃቄ ያሻዋል። የሳይንስ ንድፈ ሐሳብ በማስረጃ ይሻሻላል፣ አንዳንዴም ይሻራል፤ አንቀጽን ከእርሱ ጋር በጥብቅ ያሰረ ተማሪ ንድፈ ሐሳቡ ሲለወጥ እምነቱ ይናወጣል። በበይነ መረብ የሚዘዋወሩ የ«ተአምር» ቁጥሮችንና ምስሎችንም ምንጫቸው ሳይጣራ ወደ ሐለቃ ማምጣት አይገባም።

ጥርጣሬ ያለበት ተማሪ ሲጠይቅ መቆጣት ከሁሉ የከፋ ነው። አዳማጩ መልሱን ካላወቀ «አላውቅም፣ ኡስታዙን እጠይቅልሃለሁ» ይበል፤ ጥያቄውን በማስታወሻው ላይ ይጻፍ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ሳይዘነጋ መልሱን ያምጣ። ጥያቄው ክብር እንደተሰጠው ያየ ወጣት ሌላውንም ይዞ ይመጣል።

ስምንተኛ፦ ስልክን አጋዥ ማድረግ

በስልክ ላይ የሚጫኑ የቁርኣን መተግበሪያዎች ለተማሪ ምቹ ናቸው፤ ተማሪው ወረፋ ላይ ሆኖም ገጹን ሊያነብ ይችላል። ለዕለታዊው ንባብ ግን የታተመ ሙስሐፍ ቢመረጥ ይሻላል፣ በንባብ መሐል የሚገባ መልእክት ሐሳብን ይበትናልና። በስልክ የሚያነብ ሰው ኢንተርኔቱን ዘግቶ ያንብብ። ለሐለቃው የሚከፈተው የቴሌግራም ግሩፕ ደግሞ ለሦስት ነገር ብቻ ይዋል፦ ለሳምንቱ ገጽ፣ ለድምፅ ቅጂና ለሰዓት ማስታወሻ። በቀን ሃያ መልእክት የሚላክበትን ግሩፕ አባላቱ ድምፁን ያጠፉታል፣ አስፈላጊው ማስታወሻም አብሮ ይጠፋል።

ዘጠነኛ፦ የፈተና ወቅት

አብዛኞቹ ሐለቃዎች የሚሞቱት በፈተና ወቅት ነው። አስተባባሪዎች «ፈተና እስኪያልቅ» ብለው ይዘጋሉ፤ ፈተናው ካለቀ በኋላ እረፍት ይመጣል፣ ከእረፍት በኋላ የሚመለሰው ሰው ጥቂት ይሆናል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ይቀንስ እንጂ አይዘጋ። የአንድ ሰዓቱ ቆይታ ወደ ሃያ ደቂቃ ይውረድ፣ መረዳቱ ይቅር፣ እያንዳንዱ ግማሽ ገጽ አንብቦ ይሂድ፤ የዕለቱ መጠንም ወደ አንድ ገጽ ይቀንስ። ተማሪው ትምህርቱን በአግባቡ መወጣቱ ራሱ አማና ስለሆነ በፈተና ዋዜማ የቀረን ሰው መውቀስ አይገባም። የሸመደዱት ግን ክለሳቸውን ማቋረጥ የለባቸውም፤ ነቢዩ (ሶ.ዐ.ወ) ቁርኣን ከታሰረ ግመል ይልቅ ፈጥኖ እንደሚያመልጥ አስጠንቅቀዋል። ለእነርሱ ቀላሉ መንገድ የሸመደዱትን በሱና ሶላቶቻቸው ውስጥ እየከፋፈሉ ማንበብ ነው።

በእረፍት ወራት ሁለት ሁለት ሆነው በስልክ እንዲደማመጡ ጥንድ ማውጣት ይበቃል። ረመዳን በትምህርት ጊዜ ከዋለ ደግሞ መጠኑን መጨመር ይቻላል፤ በየሶላቱ አራት አራት ገጽ ያነበበ በቀን አንድ ጁዝ ይሞላል። ከረመዳን ቀጥሎ ያለው የሸዋል ወር ዕቅድ ግን ረመዳን ሳያልቅ ይጻፍ፣ አለበለዚያ ዒድ ሲያልፍ ሁሉም ይበተናል።

አሥረኛ፦ ውድድርና ሽልማት

ውድድር መንፈስ ያነቃቃል፤ በዓመት አንድ ጊዜ ቢዘጋጅ ይበቃል። ደረጃው ለሓፊዞች (ቁርኣንን በሙሉ ለሸመደዱት) ብቻ ከሆነ ብዙኃኑ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ፤ ለጀማሪዎች አል-ፋቲሓንና አሥር አጫጭር ምዕራፎችን አስተካክሎ ማንበብ፣ ለሌሎች የአንድ ምዕራፍ ትርጉምና ትምህርት ማብራራት የሚሉ ዘርፎች ይካተቱ። ሽልማቱ ሙስሐፍ ወይም የተፍሲር መጽሐፍ ይሁን። የአንባቢዎችን የገጽ ቁጥር በየሳምንቱ በአደባባይ መለጠፍ ግን አልደግፍም፤ ኢኽላስን (ለአላህ ብቻ ብሎ መሥራትን) ይፈትናል፣ ወደኋላ የቀረውንም ያሸሻል።

አሥራ አንደኛ፦ መከታተልና ማስረከብ

እያንዳንዱ አዳማጭ አንድ ደብተር ይያዝ። በውስጡ የተማሪው ስም፣ የደረሰበት ገጽ፣ እየታረመ ያለው ድምፅና በይደር ያለ ጥያቄው ይጻፉ። ተማሪ ሁለት ሳምንት ከቀረ አዳማጩ ራሱ በአካል ሄዶ ይጠይቀው፤ የሚጠይቀውም ስለ ጤናውና ስለ ትምህርቱ ነው፣ ስለ ቀረበት ምክንያት መመርመር አይደለም። በሰሚስተር መጨረሻ እያንዳንዱ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ያነበባቸውን አምስት መስመሮች ደግሞ ያንብብ፤ ልዩነቱን ራሱ ይሰማዋል።

ዩኒቨርሲቲ ሰው የሚያልፍበት ቦታ ነው፤ ጠንካራው አስተባባሪ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ይመረቃል። ስለሆነም ከመጨረሻው ሰሚስተር በፊት ባለው ሰሚስተር ተተኪው ተመርጦ ከእርሱ ጎን እንዲሠራ ይደረግ። ርክክቡ ሲፈጸም ደብተሮቹ፣ የኡስታዙ አድራሻ፣ የቦታው ፈቃድና ሐለቃው የደረሰበት አንቀጽ ለተተኪው በእጁ ይሰጡ፤ የመጀመሪያውን የምዝገባ ሳምንትም ሁለቱ አብረው ቢያካሂዱት አዲሱ ተማሪ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚያውቀው አዳማጭ ይኖረዋል።